ያልበራ አምፖል ምን ይነግረናል?
በቤት ውስጥ የመብራት መስመር ላይ ብልሽትን ስለመፈለግ

ማታ ማብሪያውን ተጭነን አምፖሉ አልበራ ሲል ብዙዎቻችን በመጀመሪያ የምናደርገው ነገር በመስኮት የጎረቤትን ቤት መመልከት ነው። «መብራት ሄዷል ወይስ የኛ ብቻ ነው?» የሚለው ይህ የዘወትር ጥያቄ ተራ ቢመስልም የተሟላ ሳይንሳዊ ምርመራ ነው። ጎረቤት ጨልሞ ከሆነ ችግሩ ምናልባት ከቤታችን ውጭ ነው፤ በርቶ ከሆነ ግን ወደ እኛ ቤት የሚመጣውን መስመርና የቤታችንን ውስጥ መጠርጠር እንጀምራለን። ምንም መሣሪያ ሳንይዝ፣ በአንድ እይታ ብቻ፣ ብልሽቱ ሊገኝባቸው ከሚችሉት ቦታዎች ብዙዎቹን ከጥርጣሬ አወጣናቸው ማለት ነው።

የሚያሳዝነው ከዚህ መልካም አጀማመር በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ማሰቡን ትተን ወደ መነካካት መግባታችን ነው። አምፖል ይቀየራል፣ ማብሪያ ማጥፊያው ይፈታል፣ ሽቦ ይጎተታል፣ ናስትሮ ይጠቀለላል። አንዳንድ ጊዜ በዕድል ይበራል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሰው ይጎዳል። በዚህ ጽሑፍ አንድ ምሳሌ ወስደን ብልሽት በምን ዓይነት አስተሳሰብ እንደሚፈለግ እንመለከታለን። ዓላማችን አንባቢውን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማድረግ አይደለም። በክፍል ውስጥ የተማርናቸው የኦምና የኪርኾፍ ሕጎች ከኮርኒሱ በላይ እንዴት እንደሚሠሩ ማሳየትና አንድ ሕይወት የሚያስከፍል የተሳሳተ እምነት ማረም ነው። ይኸውም «አምፖሉ ካልበራ ሽቦው ኮረንቲ የለውም» የሚለው እምነት ነው።

የመብራት መስመር አዘረጋግ

በአገራችን ለመኖሪያ ቤት የሚቀርበው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን አቅጣጫውን በሴኮንድ 50 ዙር ይቀያይራል። ወደ ቤቱ የሚገቡት ሽቦዎች በዋነኛነት ሁለት ናቸው። አንደኛው ፌዝ ይባላል፤ ከመሬት ጋር ሲነጻጸር 220 ቮልት ያለው እርሱ ነው። ሁለተኛው ኒውትራል ሲሆን፣ በትራንስፎርመሩ በኩል ከመሬት ጋር የተገናኘ በመሆኑ በደኅናው ጊዜ ቮልቴጁ ከመሬት ቮልቴጅ እምብዛም አይለይም። ሦስተኛው የመሬት ሽቦ ለጥንቃቄ የሚዘረጋ ነው፤ መስመሩ ደኅና ሲሆን ፍሰት አይሸከምም።

ፌዙ በቆጣሪውና በብሬከሩ አልፎ ወደ መጀመሪያው የማያያዣ ሣጥን ይገባል። ከዚያ አንድ ቅርንጫፍ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ይወርዳል፤ ከማብሪያው ተመልሶ ወደ አምፖሉ ይሄዳል። ኒውትራሉ ግን በማብሪያው በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ወደ አምፖሉ ይደርሳል። ሁለቱም ሽቦዎች ከመጀመሪያው ሣጥን ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው እየቀጠሉ ክፍል ከክፍል ይሻገራሉ። ስለዚህ ሁሉም አምፖሎች በፌዝና በኒውትራል መካከል ጎን ለጎን፣ በፓራለል፣ የተገናኙ ናቸው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ፍሰት የሚኖረው መንገዱ ሄዶ ተመልሶ የተሟላ ሲሆን ነው። መንገዱ በፌዝ በኩልም ቢቋረጥ በኒውትራል በኩልም ቢቋረጥ አምፖሉ አይበራም። ለዓይን ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለሚነካቸው ሰው ግን የሞትና የሕይወት ያህል ይለያያሉ።

ከመንካት በፊት ማሰብ

አንድ ቤት እናስብ። በቅደም ተከተል ኮሪደር፣ ወጥ ቤት፣ ሳሎንና ሁለት መኝታ ቤቶች አሉት። አምስቱም አምፖሎች ባለ 10 አምፔር በሆነ በአንድ ብሬከር ሥር ናቸው፤ እያንዳንዱ ክፍልም የራሱ የማያያዣ ሣጥን አለው። አንድ ምሽት የኮሪደሩና የወጥ ቤቱ መብራት እንደበራ ሳሎኑና ሁለቱ መኝታ ቤቶች በአንድ ጊዜ ጨለሙ።

ምንም ነገር ሳንፈታ ምን ልንል እንችላለን? አንደኛ፣ ኮሪደሩ በርቷልና ከውጭ የሚመጣው ኃይልም ሆነ ብሬከሩ ደኅና ነው። ሁለተኛ፣ ሦስት አምፖሎች በአንድ ቅጽበት ይቃጠላሉ ብሎ ማመን ያስቸግራል፤ ለሦስቱም የጋራ የሆነ አንድ ምክንያት መፈለግ ይገባል። ሦስተኛ፣ ፌዝና ኒውትራል የሚነካኩበት ሾርት ቢፈጠር ኖሮ ብሬከሩ ወርዶ አምስቱም ይጨልሙ ነበር። ስለዚህ የገጠመን መቋረጥ ነው። አራተኛ፣ ወጥ ቤቱ ስለበራ እስከ ሁለተኛው ሣጥን ድረስ ሁለቱም ሽቦዎች ጤነኞች ናቸው። እንግዲህ ብልሽቱ ያለው ከሁለተኛው ሣጥን እስከ ሦስተኛው ሣጥን ባለው ክፍል ነው። የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፤ የተቋረጠው ፌዙ ነው ወይስ ኒውትራሉ?

«ሁለት ፌዝ» የመጣበት ቤት

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያነሣው መሣሪያ ቴስተር የሚባለውን፣ በእጀታው ውስጥ ትንሽ የኒዮን አምፖል ያለበትን ካቻቪቴ ነው። የሳሎኑን ማብሪያ ሲነካበት ቴስተሩ ይበራል፤ ፌዝ አለ ማለት ነው። «ፌዝ ካለ አምፖሉ ተቃጥሏል» ተብሎ አዲስ አምፖል ይገባል፤ አይበራም። ከዚያ አምፖሉ ወጥቶ፣ ማብሪያው እንደበራ፣ ቴስተሩ በአምፖል መያዣው ውስጥ ያሉትን ሁለት መገናኛዎች እንዲነካ ይደረጋል። አንደኛውን ሲነካ ይበራል፤ ሁለተኛውንም ሲነካ ይበራል! በየሰፈሩ «ሁለት ፌዝ መጣብን» የሚባለው ይህን ጊዜ ነው።

በእርግጥ ሁለት የተለያዩ ፌዞች ቢመጡ በመካከላቸው 380 ቮልት ገደማ ስለሚኖር አዲሱ አምፖል ከአቅሙ በላይ ደምቆ ወዲያው በተቃጠለ ነበር። በሁለቱ መገናኛዎች መካከል በቮልት መለኪያ ሲለካ ግን የሚገኘው ዜሮ ነው። እያንዳንዳቸው ከመሬት ጋር ሲለኩ ደግሞ ሁለቱም 220 ቮልት ያሳያሉ። ይህ እንቆቅልሽ የሚፈታው በአንድ ግምት ብቻ ነው፤ ወደ ሳሎን የሚሄደው ኒውትራል ተበጥሷል።

የሆነው እንዲህ ነው። በመኝታ ቤቶቹ ማብሪያው እንደተጫነ ነው፤ ስለዚህ ፌዙ በማብሪያው አልፎ፣ በአምፖሉ ክር አልፎ፣ ከወዲያ በኩል ወዳለው የኒውትራል ሽቦ ይደርሳል። ኒውትራሉ ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ ስለተቋረጠ ፍሰት የለም። ፍሰት ከሌለ ደግሞ በኦም ሕግ መሠረት በአምፖሉ ክር ላይ የሚቀር ቮልት የለም። የአምፖሉ ሁለት ጫፎች እኩል ቮልቴጅ ይኖራቸዋል፤ ማለትም የተበጠሰው ኒውትራል በሙሉ፣ ከሳሎን እስከ መጨረሻው መኝታ ቤት ድረስ፣ 220 ቮልት ይሆናል። ስሙ ኒውትራል ነው፤ ቀለሙም የኒውትራል ነው፤ ግብሩ ግን የፌዝ ነው።

ጥሩ ግምት የሚታወቀው ሊፈተን የሚችል ትንበያ በመስጠቱ ነው። ግምታችን ትክክል ከሆነ የሁለቱን መኝታ ቤቶች ማብሪያዎች ስናጠፋ ኒውትራሉ ከፌዙ ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል፤ በሳሎኑ መያዣ ውስጥ በሁለተኛው መገናኛ ላይ የሚታየው የቴስተር ብርሃንም መጥፋት ወይም እጅግ መፍዘዝ ይኖርበታል። አንዱን ማብሪያ መልሰን ስናበራ ብርሃኑ መመለስ አለበት። ይህ በትክክል ከሆነ ግምቱ ተረጋገጠ ማለት ነው። ከዚህም በላይ አንድ ትርፍ እውቀት እናገኛለን፤ የመኝታ ቤቱ አምፖል የሳሎኑን ኒውትራል ካስነሣ የሦስቱ ክፍሎች ኒውትራሎች እርስ በርሳቸው እንደተያያዙ ናቸው። ስለዚህ ብልሽቱ ከሦስተኛው ሣጥን መያያዣ ወዲህ፣ ወደ ወጥ ቤቱ በኩል ነው።

220ው ቮልት የት ገባ?

ጀርመናዊው ጉስታቭ ኪርኾፍ እ.ኤ.አ. በ1845፣ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ ባቀረባቸው ሕጎች መሠረት በማንኛውም የተሟላ ዙር ውስጥ የሚሰጠው ቮልቴጅ በዙሩ ውስጥ ከሚቀረው ቮልቴጅ ድምር ጋር እኩል ነው። ከምንጩ 220 ቮልት ከተሰጠ በዙሩ ውስጥ አንድ ቦታ መገኘት አለበት።

መስመሩ ጤነኛ ሲሆን ይህ ቮልት የሚገኘው በአምፖሉ ላይ ነው። ስሌቱ ቀላል እንዲሆን የድሮውን ባለ ክር አምፖል እንውሰድ። 60 ዋት የሆነ አምፖል ሲበራ 0.27 አምፔር ይስባል፤ የክሩም ተቃውሞ 807 ኦም ገደማ ነው። ለመብራት መስመር የተለመደው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ 20 ሜትር ሄዶ ሲመለስ፣ ማለትም በ40 ሜትር ርዝመት፣ ተቃውሞው ግማሽ ኦም እንኳ አይሞላም። በሽቦው ላይ የሚቀረው ቮልት እንግዲህ ከ0.15 አይበልጥም። ከዚህ አንድ ትልቅ የፍለጋ መመሪያ እናገኛለን፤ ደኅና በሆነ በአንድ ሽቦ ሁለት ነጥቦች መካከል ይህ ነው የሚባል ቮልት መታየት የለበትም።

በምሳሌያችን ቤት ግን ከተበጠሰው ቦታ ወዲህ ያለው ኒውትራል ዜሮ ቮልት ገደማ ሲሆን ከወዲያ ያለው 220 ነው። 220ው ቮልት በሙሉ ከአምፖሉ ለቅቆ በዚያች ጠባብ ክፍተት ላይ ሰፍሯል። ስለዚህ መቋረጥን መፈለግ ማለት በሌላ አነጋገር ቮልቱ ከሥራ ቦታው ተሰዶ የሰፈረበትን ቦታ መፈለግ ማለት ነው።

የጨለመው አምፖል አያድንም

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። አንድ ሰው በዚህ ቤት መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ሳሎኑ ስለጨለመ ተማምኖ፣ ኒውትራሉን በእጁ ያዘው እንበል። ሌላው የሰውነቱ ክፍል ከመሬት ጋር ግንኙነት ካለው ካለበት እርጥብ ግድግዳ ወይም የብረት መሰላል በኩል መንገዱ ይሟላል። የሰውነቱ ተቃውሞ እንደ ቆዳው እርጥበትና እንደ መንገዱ ይለያያል፤ ለስሌታችን 2,000 ኦም እንውሰድ። ከፊት ለፊቱ ያለው የመኝታ ቤት አምፖል ቀዝቃዛ ስለሆነ ተቃውሞው ሲበራ ከነበረው 807 ኦም ወደ 60 ኦም ገደማ ወርዷል። የተንግስተን ክር ሲቀዘቅዝ ተቃውሞው እንዲህ ይቀንሳልና። 220 ቮልት ለ2,060 ኦም ሲካፈል 107 ሚሊ አምፔር ይመጣል።

ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ እንይ። ሰው ኤሌክትሪክ የሚሰማው ከ1 ሚሊ አምፔር አካባቢ ጀምሮ ነው። ወደ 10 ሚሊ አምፔር ሲደርስ የእጅ ጡንቻ ተኮማትሮ የያዘውን መልቀቅ ሊያቅተው ይችላል፤ «ኮረንቲ ያዘው» የምንለው ይህንኑ ነው። ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ የሆነ ፍሰት በደረት በኩል ጥቂት ሲቆይ የልብን ምት አዛብቶ ሊገድል ይችላል። ያገኘነው ቁጥር ከዚህ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

አምፖሉስ? በ107 ሚሊ አምፔር በክሩ ላይ የሚወጣው ኃይል ከ1 ዋት በታች ስለሆነ ፈጽሞ አይበራም። ባለ 10 አምፔሩ ብሬከርም ይህን 0.1 አምፔር ከአንድ ተራ አምፖል ፍሰት ለይቶ አያውቀውም፤ አይወርድም። ሰው በጨለመ አምፖል ሥር፣ ሳይወርድ በቀረ ብሬከር ሥር፣ ኒውትራል ተብሎ በሚጠራ ሽቦ ሊሞት ይችላል ማለት ነው። «አምፖሉ ካልበራ ሽቦው ኮረንቲ የለውም» የሚለው እምነት ስንት ዋጋ እንዳለው ይህ ስሌት ያሳያል።

ተመሳሳይ አደጋ የሚፈጠርበት ሌላም መንገድ አለ። መስመሩን የዘረጋው ሰው ማብሪያ ማጥፊያውን በፌዙ ላይ ማስገባት ሲገባው በኒውትራሉ ላይ ካስገባው መብራቱ ያለ እንከን ይበራል፣ ይጠፋልም። ነገር ግን ሲጠፋ የሚቋረጠው መመለሻው እንጂ መምጫው አይደለም፤ የአምፖሉ መያዣ ሌሊትና ቀን 220 ቮልት እንደያዘ ይኖራል። ማብሪያውን አጥፍቶ አምፖል የሚቀይር ሰው ተጠንቅቄያለሁ ብሎ ያምናል፤ ያልተጠነቀቀው ግን ቤቱን የሠራው ነው። አምፖል ስንቀይርም ብሬከሩን ማውረድ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

እንዲህ ካለው አደጋ የሚጠብቅ ሌላ ዓይነት ብሬከር አለ። በፌዝ የሄደውንና በኒውትራል የተመለሰውን ፍሰት እያነጻጸረ፣ ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ሳይሞላ ወይም ሲሞላ በቅጽበት ይቆርጣል። በሰው በኩል ወደ መሬት የሚሄድ ፍሰት በኒውትራል አይመለስምና መሣሪያው ልዩነቱን ያውቀዋል። ከላይ ባየነው ሁኔታ ተራው ብሬከር የማያየውን ይህኛው ያያል።

መሣሪያ የሚያሳስትበት ጊዜ

ቴስተር የሚሠራው በራሳችን ሰውነት በኩል ነው። በውስጡ 1 ሚሊዮን ኦም ያህል ተቃውሞ ስላለ የሚያልፈው ፍሰት 0.22 ሚሊ አምፔር ገደማ ነው፤ ስለዚህም አይሰማንም። ደረቅ የእንጨት ወለል ላይ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አድርገን ከቆምን ብርሃኑ እጅግ ሊደክም፣ በቀን ብርሃንም ላይታይ ይችላል። ቴስተሩ በራ ማለት ቮልት አለ ማለት ነው፤ አልበራም ማለት ግን ቮልት የለም ማለት አይደለም። በሌላ በኩል ባየነው ቤት እንደሆነው ፌዝና የተበጠሰ ኒውትራልን ለይቶ አያውቅም።

ዲጂታል መለኪያም የራሱ ማሳሳቻ አለው። ጎን ለጎን በአንድ ቱቦ የሚሄዱ ሁለት ሽቦዎች በመካከላቸው ፕላስቲክ ያለባቸው ረጅም ካፓሲተር ናቸው። በሜትር 100 ፒኮ ፋራድ ገደማ ቢኖራቸው በ10 ሜትር ላይ ለ50 ዙር ኤሌክትሪክ የሚያሳዩት እንቅፋት 3 ሚሊዮን ኦም ያህል ነው። የመለኪያው የራሱ ተቃውሞ 10 ሚሊዮን ኦም ስለሆነ፣ ከምንም ጋር ባልተገናኘ ሽቦ ላይ እንኳ ከአጠገቡ ካለው ፌዝ የተጋባበትን ብዙ ቮልት ሊያሳይ ይችላል። ይህ ቮልት እውነተኛ መሆኑን ለመለየት ባለሙያዎች በመለኪያው ጎን አንድ አምፖል ያገናኛሉ። የተጋባ ከሆነ ከአንድ ሚሊ አምፔር አንድ አሥረኛ ያነሰ ፍሰት ብቻ ስላለው ቮልቱ ወዲያው ወደ ዜሮ ይወድቃል። እውነተኛ ከሆነ አምፖሉ ይበራል።

አንዳንድ የኤልኢዲ አምፖሎች ማብሪያው ከጠፋ በኋላ በጨለማ ደብዘዝ ብለው መብራታቸው ወይም ብልጭ ድርግም ማለታቸው ብዙ ጊዜ ከዚሁ የመጣ ነው። በሽቦዎቹ መካከል ሾልኮ የሚያልፈው ጥቂት ፍሰት በአምፖሉ ውስጥ ያለውን ካፓሲተር ቀስ በቀስ ይሞላል፤ ሲሞላ ብልጭ ይላል። ጂን የገባበት ቤት አይደለም፤ ካፓሲታንስ ነው።

በግማሽ እየከፈሉ መፈለግ

በምሳሌያችን የበሩትና ያልበሩት አምፖሎች ራሳቸው መለኪያ ሆነው ብልሽቱን ወደ አንድ ክፍል አጥብበውልናል። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይቀናም። በረጅም አዳራሽ ውስጥ በተከታታይ ስምንት መያያዣዎች ቢኖሩና መጨረሻው ላይ ያለው አንድ አምፖል ብቻ ባይበራ፣ ከመጀመሪያው ተነሥቶ አንድ በአንድ መፈተሽ እስከ ሰባት ልኬት ሊያስፈልግ ይችላል። መካከል ላይ የጀመረ ግን በአንድ ልኬት ግማሹን ከጥርጣሬ ያወጣል። የቀሩትን አራት እንደገና ለሁለት፣ ሁለቱን ወደ አንድ ያደርሳል። ሦስት ልኬት በቃው። ቦታዎቹ 16 ቢሆኑ የሚያስፈልገው አራት ብቻ ነው። ይህ ሎጋሪዝም በመሰላል ላይ ሲወጣ ነው፤ የኮምፒውተር ተማሪዎች በተደረደረ መዝገብ ውስጥ አንድ ስም የሚፈልጉት በዚሁ ዘዴ ነው።

ጥርጣሬው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ኃይሉ ከብሬከሩ ይቆረጣል፤ ሌላ ሰው መልሶ እንዳያነሣውም ጥንቃቄ ይደረጋል። ቀጥሎ ልምድ ያለው ሠራተኛ ሦስት ነገር ያደርጋል። መለኪያውን በመጀመሪያ ኮረንቲ እንዳለው በሚታወቅ ሌላ መስመር ላይ ይሞክረዋል፤ ከዚያ ሊሠራበት ያሰበውን መስመር ይለካል፤ በመጨረሻም ተመልሶ በታወቀው መስመር ላይ ይሞክረዋል። መካከለኛው ልኬት ዜሮ ያሳየው መስመሩ ባዶ ስለሆነ እንጂ መለኪያው ስለተበላሸ እንዳልሆነ የሚያረጋግጠው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ነው። በቤተ ሙከራ ውስጥ ማነጻጸሪያ የምንለው ይህንኑ ነው።

ከዚህ በኋላ የተጠረጠረው ኒውትራል ከሁለተኛው ሣጥን እስከ ሦስተኛው በኦም መለኪያ ሲለካ ደኅና ቢሆን ከ1 ኦም በታች ይሆን ነበር። በምሳሌያችን ግን መለኪያው ወሰን የሌለው ተቃውሞ ያሳያል። ሣጥኑ ሲከፈት የሚገኘውም ብዙ ጊዜ የታወቀ ነው፤ በእጅ ተጠምዝዞ ናስትሮ የተጠቀለለበት፣ ፕላስቲኩ የጠቆረ፣ የላላ መያያዣ።

መያያዣው ለምን ላላ?

ሽቦ በመካከሉ የሚበጠሰው ሚስማር ሲያገኘው ወይም አይጥ ሲበላው ነው። ከዚያ ውጭ አብዛኛው መቋረጥ የሚገኘው ሁለት ሽቦ በተገናኘበት ቦታ ነው። ምክንያቱ ፊዚክስ ነው። በላላ መያያዣ ላይ የሚወጣው ሙቀት የፍሰቱ ስኩዌር በተቃውሞው ሲባዛ የሚገኘው ነው። ተቃውሞው ግማሽ ኦም ቢሆን በሦስት ባለ 60 ዋት አምፖሎች ፍሰት፣ ማለትም በ0.82 አምፔር፣ የሚወጣው ከ0.4 ዋት በታች ስለሆነ ማንም አያውቀውም። ከዚሁ የመብራት መስመር ላይ ሶኬት ተቀጥሎ 2,000 ዋት የሆነ ካውያ ቢሰካ ግን ፍሰቱ 9.1 አምፔር ይደርሳል፤ በዚያች ትንሽ መያያዣ ላይ የሚወጣውም ሙቀት 41 ዋት ይሆናል። ይህ የሬዲዮ ጠጋኞች ከሚጠቀሙበት መበየጃ ሙቀት አያንስም። ብሬከሩ ደግሞ 10 አምፔር ስላልሞላ ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ዝም ይላል።

መያያዣው ሲግል ብረቱ ይለጠጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ በየዙሩም ይላላል። የጋለ መዳብ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ኦክሳይድ ይለብሳል፤ ኦክሳይዱ ተቃውሞውን ይጨምራል፤ የጨመረው ተቃውሞ ሙቀቱን ያባብሳል። መዳብና አሉሚኒየም በቀጥታ ከተጠማዘዙ ነገሩ ይፈጥናል፤ ሁለቱ በሙቀት የሚለጠጡት በተለያየ መጠን ነው፣ የአሉሚኒየም ኦክሳይድም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የዚህ ሂደት መጨረሻ ዕድለኛ ለሆነ ቤት መቋረጥ ነው፤ ላልታደለ ቤት እሳት ነው። ስለዚህ የላላ መያያዣ ተገኝቶ እንደገና ተጠምዝዞ ናስትሮ ቢጠቀለልበት ብልሽቱ ቀጠሮ ተሰጠው እንጂ አልተጠገነም። ንጹሕ ሽቦ በብሎን በሚጠብቅ ማያያዣ ሊታሰር ይገባል።

አምፖሎች ሲደምቁ

በመጨረሻ ሊታወቅ የሚገባው ሌላ ምልክት አለ። የሰፈር መስመር ሦስት ፌዝና አንድ የጋራ ኒውትራል ይዞ ይመጣል፤ ቤቶችም በተለያዩ ፌዞች ላይ ይከፋፈላሉ። የጋራው ኒውትራል በምሰሶው ላይ ቢበጠስ በተለያየ ፌዝ ላይ ያሉ ሁለት ቤቶች በ380 ቮልት ላይ በተከታታይ የተገናኙ ይሆናሉ። በአንዱ ቤት 60 ዋት አምፖል ብቻ፣ በሌላው 2,000 ዋት ምድጃ በርቶ ከሆነ፣ ቮልቱን እንደ ተቃውሟቸው ስለሚከፋፈሉት አምፖሉ 369 ቮልት ያህል ይደርሰዋል። ስለዚህ በአንዱ ቤት መብራቱ ሲደምቅ በሌላው ሲደበዝዝ ከታየ መፈላሰፊያ ጊዜ የለም፤ ዋናውን ብሬከር አውርዶ፣ ዕቃዎችን ነቅሎ፣ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ማሳወቅ ነው።

እስካሁን ያየነውን ያለ አንዳች አደጋ በትምህርት ቤት ጠረጴዛ ላይ መሞከር ይቻላል። ሁለት የባትሪ ድንጋይ በተከታታይ፣ ሦስት ትንንሽ የእጅ ባትሪ አምፖሎች በፓራለል፣ አንድ የቮልት መለኪያና ጥቂት ሽቦ ይበቃል። ለሦስቱም የጋራ የሆነውን መመለሻ ሽቦ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ ንቀሉት። አምፖሎቹ ይጠፋሉ። ከዚያ በተነቀለው ሽቦና በባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ መካከል ለኩ፤ የባትሪው 3 ቮልት በሙሉ እዚያ ይገኛል። ይህን በገዛ እጁ የለካ ተማሪ ጨለማን ከባዶነት ጋር አያምታታም።

በቤት ውስጥ የ220 ቮልት ሣጥን መክፈት ግን የሠለጠነ ሠራተኛ ሥራ ነው። የእኛ ድርሻ ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ የትኞቹ እንደበሩ፣ የትኞቹ እንዳልበሩ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሁን አንድ በአንድ እንደጠፉ፣ ብሬከሩ ወርዶ እንደሆነ፣ በቅርቡ አዲስ ዕቃ ተሰክቶ እንደሆነ አስተውሎ መጻፍ። በእንዲህ ያለ ወረቀት ሠራተኛው የግማሽ ቀን ፍለጋ በግማሽ ሰዓት ሊጨርስ ይችላል። እርሱ እስኪመጣ ድረስም ብሬከሩ ወርዶ ይቆይ፤ የጨለመውንም ሽቦ ማንም አይንካው።